ዳዋ የወረሰው ግቢ

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ በቦዳቦዳ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሹፌሩ ጉድጓድ ሊሸሽ ብሎ ሞተሩን ወደ መንገዱ ዳር አወጣውና ጎማው አንዲት ግራጫ ቁጥቋጦ ጨፍልቆ አለፈ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ ከጎማው ስር የተነሳው ሽታ፣ በሶብላና እርጥብ አቧራ የተቀላቀለበት፣ ከነዳጁ ጭስ ቀድሞ አፍንጫዬ ገባና «ሲማማ! ሲማማ ኪዶጎ!» እያልኩ ጀርባውን ደበደብኩት። ቆመ። «ማማ፣ ምን ወደቀብሽ?» አለኝና ዞሮ የመጣንበትን መንገድ ያይልኝ ጀመር። ዘንቢሌን ዳበስኩ፤ ሽንኩርቱም አለ፣ ስኳሩም አለ፣ ስልኬም አለ። «ምንም» አልኩት። ወርጄ ከተጨፈለቀችው ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ ቀነጠስኩ፣ ሻሼ ውስጥ ሸጎጥኩና መልሼ ተሳፈርኩ። ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ድረስ አብሮኝ ተሳፍሮ ሄደ።

ያቺን ቁጥቋጦ ቦረናዎች ኡርጎ ይሏታል፤ እኛ ቤት የዱር በሶብላ እንላት ነበር። ማንም አይተክላትም፣ ማንም አያጠጣትም። እኛ ግቢ ግን ከጉልበቴ በላይ ትደርስ ነበር።

ያደግነው በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ክፍሉ ሁለት ብቻ ሲሆን ግቢው ግን ያለ ልክ ሰፊ ነበር። አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ በጭነት መኪና ረዳትነት ከወሎ ወርዶ፣ መኪናው ድንበሩ ላይ ሲበላሽ እስኪሠራ ብሎ የተቀመጠ፣ በዚያው ፍየል መነገድ የጀመረ፣ በዚያው የሞያሌ ልጅ የሆነችውን እናቴን ያገባ ሰው ነው። አንዳችን በተወለድን ቁጥር «መኪናው ገና አልተሠራም ማለት ነው» ይል ነበር አሉ። ከአገሩ የናፈቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጽጌረዳ። ከዲላ የሚመጡ ሹፌሮችን እየለመነ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ችግኝ ያስመጣል፣ በዘይት ቆርቆሮ ይተክላል፣ ቆርቆሮዎቹን በግድግዳው ጥግ ይደረድራል። ውሃ በአህያ ተጭኖ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር የኛ ፊት ሳይታጠብ ጽጌረዳው ይጠጣ ነበር። ያም ሆኖ ጥርና የካቲት ላይ ያ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ ይኮማተርና ከቀይ አበባ የሚተርፈን የእሾህ ዱላ ብቻ ይሆናል። አባቴ ዱላውን ነቅሎ ይጥላል። ከዚያ ደግሞ ሹፌር ይለምናል።

ከአጥሩ ማዶ አዮ ሎኮ ትኖር ነበር፤ አዮ በቦረንኛ እማማ እንደማለት ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ክፍተት አንገቷን ታስገባና አባቴን በኔ ስም ጠርታ «አባ ፋጡማ፣ ያቺ ልጅህ ዛሬም ጠጣች?» ትለዋለች።

«የትኛዋ ልጄ?»

«ቆርቆሮ ውስጥ የተኛችው! ልታገባ ነው እንዴ፣ እንዲህ የምታጥባት?»

የግቢው ጌቶች ግን ፍየሎቹ ነበሩ። አባቴ ከጎዶማ፣ ከዚያም ወዲያ ስማቸው ዛሬ ከጠፋኝ የውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ እየዞረ ገዝቶ ያመጣቸዋል፤ የናይሮቢው መኪና ጭነቱ እስኪሞላ ድረስ እኛ ጋ ያድራሉ። ሌሊት ሲያስነጥሱ፣ ቀንዳቸውን ከቆርቆሮው ሲያጋጩ፣ አንዷ ግልገሏን ስትጠራ እየሰማን ነው የምንተኛው። የበቀለ ነገር ሁሉ ይበሉ ስለነበር ግቢው መላጣ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር በጠጥ የተነጠፈበት፣ ስትሮጪ ከእግርሽ ስር እንደ ባቄላ የሚንከባለል። ሽታው ለእንግዳ ይከብዳል። ለኛ ግን አባታችን ቤት አለ ማለት ነበር።

የሞተው መንገድ ላይ ነው። ፍየሎቹን ናይሮቢ አድርሶ ሲመለስ ትኩሳት ያዘውና ማርሳቢት አወረዱት፤ ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ እዚያው ተቀብሯል። እናቴ ፊቱን አላየችም፣ አፈሩንም አልነካችም። የለቅሶው ሰው ሲበተን ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትርቅም፤ አትኳኳልም፣ ሽቶ አትነካም፣ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሞቼ ከኔ ያንሳሉ፤ ወደ ሱቅ የምላከው እኔ፣ አህያ ነጂውን የማስቆመው እኔ።

አባቴን ተከትሎ ከወሎ የመጣ ወንድሙ፣ አጎቴ ሁሴን፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ሱቅ ነበረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከመኪና ላይ ወድቆ አንድ ጉልበቱን ስለሚያመው ብቻ ሲራመድ የተቆጣ ይመስላል። የቀሩትን ፍየሎች ነድቶ ሸጠልን፣ ዱቄትና ዘይት ላከልን፣ ከዚያ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ የወሰነውን ነገራት። ዒዳዋ ሲያልቅ ተሻግረን እሱ ጋ እንገባለን፤ ግቢው ተጠርጎ የዕቃ መጋዘን ይሆናል። ወንድ የሌለበት ቤት ምን ይደረጋል፣ ልጆቹም እዚያ ይማራሉ። እናቴ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ማታ ላይ ግን በአጥሩ ክፍተት ለአዮ ሎኮ ስትነግራት ሰማኋት። «ሲቀብሩት አላየሁም» አለቻት፣ ቀስ ብላ። «እሱ የሚያውቀው በር ይሄ ነው። ይሄን ትቼ ወዴት ነው የምሄደው?»

በዚያ የበጋ መጨረሻ ጽጌረዳዎቹ አለቁ። እናቴ የውዱእ ውሃዋን ሳይቀር ብታጠጣቸውም አልሆነም። የመጨረሻዋ ስትደርቅ ቆርቆሮዋን አንስታ ግድግዳው ስር ደፋቻት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሞያሌ ዝናብ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ነው፤ ቆርቆሮው ጠጠር የተደፋበት ያህል ይጮኽና ጠዋት መንገዱ ሁሉ ቀይ ጅረት ይሆናል። ግቢያችንን መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ ሣር ሸፈነው። ሳምንት ሳይሞላው ከሣሩ መሃል ክብ ቅጠል ያላቸው፣ እሾህ ከመወለዳቸው ያበቀሉ፣ በምድር የሚሳቡ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ነገሮች ብቅ ብቅ አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀና ሳይሉ ፍየሎቹ በጨረሷቸው ነበር። አሁን ግን ፍየል የለም።

እናቴ ደነገጠች። ለሷ ግቢ ማለት ተጠርጎ አፈሩ የሚታይ ነው። «ባሏ በሞተ በወሩ ግቢዋን ዳዋ ወረሰው ይሉኛል» አለችና መኮትኮቻ ይዛ ወጣች። ሁለት መደዳ ያህል እንደነቀለች አዮ ሎኮ እርጎ ይዛልን ገባች፣ ቅሉን እንኳ ሳታስቀምጥ ጮኸች።

«ቆይ! ቆይ! ይቺን አትንኪ!»

«አረም ናት፣ አዮ።»

«ማነው አረም ያላት? ማዴራ ናት ይቺ። ፍሬዋን ልጆች ይበላሉ።» ቁጢጥ ብላ ቅጠሏን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ሞያሌ ውስጥ አይቻት አላውቅም። የጎዶማ ናት። ያቺ ደግሞ ከዚያ ከቀዩ አፈር ናት፣ ከጎዶማ ወዲያ። ማነው ያመጣቸው?»

አዮ ሎኮ ከችግኟ ስር አፈሩን ጫር ስታደርግ የረጠበ በጠጥ ወጣ፤ ከመሃሉ ደግሞ የተሰነጠቀ ዘር። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። «አባ ፋጡማ ነው» አለች አዮ ሎኮ በመጨረሻ። «ፍየሎቹ እዚያ በሉ፣ እዚህ ጣሉ።»

እናቴ መኮትኮቻውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ከዚያ በኋላ ሲነሳ አላየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዒዳዋን ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር የጨረሰችው። ከአስር ሶላት በኋላ ዝቅተኛ በርጩማዋን ይዛ ትወጣና እያንዳንዱን ታያለች፤ አዮ ሎኮም እየመጣች ይሄ ከዚህ ነው፣ ያ ከዚያ ነው ትላታለች። አባታችን የሄደበትን መንገድ እንደዚያ ሆነን ነው ያወቅነው፤ በሕይወት ሳለ ከየት እንደመጣ ሳይነግረን ደክሞት ይተኛ ነበር። አዮ ሎኮ ግን ሁሉን ታውቃለች ማለት አይደለም። ስሙ የጠፋትን ሁሉ «እሱ የግመል ሳል መድኃኒት ነው» ትላለች፤ እንደሷ አነጋገር ቢሆን ኖሮ የቦረና ግመል በሙሉ በኛ ግቢ ብቻ ከሳል በተገላገለ ነበር።

እናቴ የጨመረችው ነገር ጥቂት ነው። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን ቦይ በድንጋይ ጠምዝዛ ግቢውን አዙራ እንዲሄድ አደረገችው። ውዱእ የምናደርግበትን ድንጋይ ከበሩ ወደ ችግኞቹ አዛወረችው፣ የታጠብንበት ውሃ እንዳይባክን። ከደጅ እስከ ቤት አንድ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ከፈተች፣ በሩ ላይ የሰፈር ፍየል እንዳይገባ የደረቀ እሾህ አስደገፈች። ሌላውን ተወችው። አዮ ሎኮ ካሎ ትለው ነበር፤ ቦረና ለጥጆች ብሎ አጥሮ የሚያሳድረው ሣር ማለት ነው። ግራጫዋ ኡርጎ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቅላ ቀሚሳችን በነካት ቁጥር ትሸት ነበር። እናቴ ብቻ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እንዳትነካት እየተጠነቀቀች ታልፋለች። ምን ሆና እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ሽቶ አትነካም።

ዒዳዋ ባለቀ ጠዋት ገላዋን ታጥባ ወጣች። መንገዱ መሃል ቆመች፣ ከኡርጎዋ አንድ እፍኝ ቅጠል ሸመጠጠች፣ በሁለት መዳፏ መሃል አሸችውና ፊቷን ከተተችበት። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

በዚያው ረፋድ አጎቴ ሁሴን መጣ። እሾሁን ገፍቶ አንገቱን ሲያስገባ ክው አለ። «ኧረ ያ አላህ! ምንድን ነው ይሄ? ዳዋ! ግቢው በሙሉ ዳዋ!» ድምፁ ማንያታን ያዳርስ ነበር። ታዲያ በዚያች ሰዓት ማማ ኬቨን በመንገዱ ታልፋለች፤ ከታች አገር ተዛውሮ የመጣ የፖሊስ ሚስት ናት፣ የሚያስል ልጇን አዝላለች፣ አማርኛ አታውቅም። ስዋሂሊ የሚያውቅ አንባቢ የሆነውን ገምቷል። በኛ ቋንቋ ቤት የሚያፈርሰው ዳዋ፣ በነሱ ቋንቋ መድኃኒት ነው።

«ዳዋ?» አለች፣ ቆም ብላ።

አጎቴ ስዋሂሊው ከዋጋ አያልፍም፤ ነገሩ የገባት መሰለው። «ዳዋ!» አላት፣ እጁን ወደ ግቢው ዘርግቶ።

«ዮቴ?» ሁሉም?

ይቺን ከንግድ ያውቃታል። «ዮቴ! ዮቴ!»

ማማ ኬቨን አጠገቡ አልፋ ገባችና እናቴን፣ ለደረት የሚሆን አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ድንበር ላይ የተወለደች ናት፤ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ሁለት እጇ ታውቃለች። አጎቴን አየችው፣ ልጁን አየችው፣ መዳፏ ገና ኡርጎ ይሸታል። «ኢኮ» አለች። አለ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ያልነበረ ፈገግታ ፊቷ ላይ አለፈ። ውሃ አፈላች፣ ቅጠሉን ጨመረች፣ ልጁን በፎጣ ከልላ በእንፋሎቱ አስተነፈሰችው። ኬቨን በዚያ ይዳን አላውቅም፤ እናቱ ሆስፒታልም ወስዳዋለች። የታወቀው ግን ያን ቀን እናቱ እቅፍ ላይ ሳያስል መተኛቱ ነው፣ ማማ ኬቨንም ለፖሊስ ሚስቶች ሁሉ መንገሯ።

በሳምንቱ ቤታችን ስም ወጣለት፤ ዳዋ ቤት። እናቴ እንግዲህ መድኃኒተኛ አልነበረችም፣ ነኝም ብላ አታውቅም፤ ለከበደ ነገር ሁሉ «ወደ ሆስፒታል» ትላለች። ግን ለተቃጠለ ጣት እሬት አለ፣ እያደር ለልጅ ማዴራ ይደርሳል፣ ለደከማት ሴት ደግሞ ጥላ ይሆናል፣ በዚያ ላይ ቅጠሉ ይሸታል። ባዶ እጇን የምትመጣ ሴት አልነበረችም፤ አንዷ ስኳር፣ አንዷ ሻይ ቅጠል፣ አንዷ ሳሙና። ለአራት ወር ጭር ያለው ግቢ በቦረንኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ ይንጫጫ ጀመር።

አጎቴ ፓንጋ፣ ገጀራ ማለት ነው፣ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ሲመለስ ግቢው ሴት ሞልቶበታል። ወንድ ልጅ ሴቶች መሃል ዘው አይልም፤ በሩ ላይ ቀረ። እናቴ ወጣችለት። እኔ ዛሬ ዕቃችንን አውጥተው ይወስዱናል ብዬ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ።

«የፋጡማ እናት» አላት፣ ረጋ ብሎ፣ «ለራስሽ ነው። ዳዋ የወረሰው ቤት ባለቤት የለውም ነው የሚባል።»

«ዳዋ ወረሰው አልከኝ?» አለችው።

«ይኸው! የምታይው ነው።»

«እንግዲያው ወራሹ እሱ ነው፤ ከሱ ጋ ተሟገት።»

አማርኛ የሚያውቁት ሴቶች ሳቁ፤ ለማያውቁት ሲተረጎምላቸው እነሱም በተራቸው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «ይሄን እሱ ነው ያመጣው» አለችው፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «በእጁ ባይተክለውም። ማርሳቢት ያለው መቃብሩን አላውቀውም፤ የማውቀው ይሄን ነው። ወንድሙ ነህ፣ ቁረጠው ካልክ አልታገልህም። ግን አንተው በእጅህ ቁረጠው።» ከአንዱ ሰው ላይ ፓንጋውን ተቀብላ እጀታውን ወደሱ አዞረችው።

አጎቴ ፓንጋውን አየ፣ ማዴራዋን አየ። በመጨረሻ ፓንጋውን ለባለቤቱ መልሶ ሰዎቹን በእጁ ምልክት አሰናበታቸው፤ እንደመሄድ አለና ደግሞ ዞረ።

«ለጉልበት የሚሆን የለውም?» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ለግመል ጉልበት አለ!» አለች አዮ ሎኮ ከውስጥ።

ከዚያች ቤት አልወጣንም።

ግቢው በሦስተኛው ዓመት ነው አንድ ያላሰብነውን የሰጠን። ከቦዩ ዳር ወፍራም፣ እንደ ጠርሙስ ከስሩ ያበጠ፣ አስቀያሚ ግንድ ቆሞ ነበር፤ አዮ ሎኮ እንኳ ለግመል አልመደበችውም። አንድ የካቲት፣ ነፋሱ ሁሉን አድርቆ ያ ግንድ አንዲት ቅጠል ሳይኖረው፣ ጫፍ ጫፉ በሮዝ አበባ ተሸፈነ። ዘሩ በሁለት ጫፉ ፀጉር አለው፤ በፍየል ጀርባ ተጣብቆ የመጣ መሆን አለበት። እናቴ የተደፋችውን የዘይት ቆርቆሮ ከግድግዳው ስር አንስታ አበባው ፊት ለፊት ገልብጣ ተቀመጠችባት። «ይኸው» አለች። ለማን እንዳለች እኔ አውቃለሁ። አባቴ ሹፌር እየለመነ ውሃ ሲያጠጣ የኖረላትን አበባ የራሱ ፍየል ተሸክሞለት ነበር።

እናቴ ካረፈች ቆየች፤ አዮ ሎኮም ከሷ በፊት ሄዳለች። ግቢው እንደ ሸሪዓው ተከፈለ። ወንድሞቼ በድርሻቸው ላይ የኪራይ ክፍል ሠሩ፤ ልጆች አሏቸው፣ ምን ያድርጉ። ለኔ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለው፣ ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት ቀጭን መሬት ደረሰኝ። ሳልነካው ጠበቅሁ። ስንት ዝናብ መጣ፤ የበቀለው ሣርና ነፋስ ያመጣው እሾህ ብቻ ነው። ማዴራ የለችም፣ ያ ሮዝ አበባም የለም። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ፍየል ከገበያ ቀጥታ መኪና ላይ ነው የሚወጣው፤ ሰው ግቢ አያድርም። ጎዶማን በሆዱ፣ ቀዩን አፈር በጀርባው ይዞ የሚገባ የለም። የተከራዮቹ ልጆች የሚያውቁት አባታቸው በስልክ የነገራቸውን መንገድ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሞተሩ ስወርድ ሹፌሩ መልስ እየሰጠኝ «እርግጠኛ ነሽ ማማ፣ ምንም አልወደቀብሽም?» አለኝ። እንጃ ልጄ፣ አልኩት። ወድቆብኛል፤ ሞተር ወደ ኋላ የማይመልስበት ቦታ ነው እንጂ።

ቅርንጫፏን ከሻሼ አወጣኋት። ጫፏ ላይ የደረቀ ፍሬ ነበረባት። ያቺ ቀጭን መሬቴ ላይ ቆሜ አራገፍኳት፤ ጥቂት ጥቁር ዘር ወደቀ። አልቀበርኩትም፣ ውሃም አላጠጣሁትም። መዳፌን አሸቼ አሸተትኩ፣ በሩ ላይ እሾህ አስደገፍኩና ገባሁ።